እየሸሹ መተኮስ ወይስ ከድብ ኋላ መቆም?

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ በሚባለው የኢንተርኔት ጌም ላይ ሀንተር (አዳኝ ገጸ ባሕርይ) የያዛችሁ፣ የምትተርፉበት መንገድ ሁለት ነው፦ እየሸሹ መተኮስ፣ ወይም ያላመዳችሁትን ድብ ከፊት አቁሞ ከኋላ መተኮስ።

እኔ ነፍሴ ያለችው ሽሽቱ ላይ ነው። ጠላት ከ8 ያርድ በታች ከቀረባችሁ ቀስታችሁ አይሠራም፣ ስለዚህ ርቀት ማለት ሕይወት ነው። ኮንከሲቭ ሾት የሚባለውን አዘግይ ምት ስትለቁበት ለ4 ሰከንድ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። በዚያች ክፍተት ትሮጣላችሁ፣ ትዘላላችሁ፣ አየር ላይ እንዳላችሁ ዞር ብላችሁ አርኬን ሾት (ሳትቆሙ ወዲያው የሚተኮስ ምት) ትለቃላችሁ፣ መሬት ሳትነኩ ፊታችሁን መልሳችሁ ሩጫ! እጃችሁ እስኪለምደው ብዙ ትሞታላችሁ።

ችግሩ ኔትወርክ ነው። ባለፈው እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ስዘል ስክሪኑ ቀጥ አለ፤ ሲመለስ ስሸሸው የነበረው ኦግር (ግዙፍ ጭራቅ) ራሴ ላይ ቆሟል፣ በሁለት ምት ጨረሰኝ።

ኮኔክሽኑ ሲንቀራፈፍ ድቡ ይሻላል። መጀመሪያ እሱን ላኩት፣ በግራውል (በማጉረምረም ችሎታው) ጠላትን ወደ ራሱ እስኪስብ ታገሱና ከዚያ ተኩሱ። ከቸኮላችሁ ጠላት ወደ እናንተ ይዞራል። ደግሞ አብሉት፣ ደስ ያላለው እንስሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሌቭል 30 ላይ ጠላት እንዲተዋችሁ ሞቶ መምሰል ትማራላችሁ፤ ድቡ ከወደቀ ወዲያው ተጫኑት።