እናቴን የሰማት የልብ ክሊኒክ

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ስላለች አንዲት የልብ ክሊኒክ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን እንዴት እዚያ እንደደረስን።

እማዬ የምትኖረው ዘጌ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጀርባዋን ሲወጋት፣ ሲያቅለሸልሻት፣ ከጀልባ ወርዳ ጥቂት ስትራመድ ትንፋሽ ሲያጥራት ከረመች። ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ ሁለቴ ወሰድኳት። ሁለቴም «ጨጓራ ነው» ተብላ ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። በሁለተኛው «ጭንቀትም አለብዎት» አሏት። የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ፣ ዓምና አባዬ ደረቴን ጨመቀኝ ብሎ እዚያው ቤት ሲሄድ ገና ካርድ ሳናወጣ ነው ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ያነሱት። እሷን ግን ማንም አላነሳትም።

አባይ ማዶ የሄድነው ጎረቤት መክሮን ነው። ነርሷ ምን እንደሚያማት እንደሰማች ቀጥታ አልጋ ላይ አስተኛቻት። እማዬ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጨብጣ አልለቅም አለች፣ ወንድ ባለሙያ ቆሞ ነበራ። ነርሷ እሱን አስወጥታ መጋረጃውን ሳበችና ገመዶቹን እዚያው በነጠላው ስር ለጠፈችላት። ከገባን 10 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ደንቡም ይኸው ነው፣ ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት።

ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ «እማማ፣ ሲያረግዙ ደም ግፊት ነበረብዎት?» አለቻት። ነበረባት! ታናሽ ወንድሜን ስታረግዝ ፊቷ ሁሉ አብጦ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ከዚያ ወዲህ ግን ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም የያዛት ሴት ኋላ ላይ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሏ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል አለችን። ሴቶችንም አብዛኛውን ጊዜ ደረታቸውን ያማቸዋል፣ ግን ማቅለሽለሹ፣ የትንፋሽ ማጠሩ፣ የጀርባና የመንጋጋ ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ ስለሚደረብባቸው ጨጓራ ተብሎ ይታለፋል። ልብ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ እንኳ የሴቶች ልኩ ከወንዶች ዝቅ ያለ ነው፣ ለአባዬ ደህና የሚባለው ቁጥር ለእማዬ ደህና ላይሆን ይችላል ማለት ነው። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ዶክተሯ የልብ ደም ስር መዘጋት ጠርጥራ ወዲያው አስፕሪን አስኘከቻት፣ ሪፈር ጻፈች፣ ሆስፒታል ደወለች። ነርሷ አምቡላንስ ውስጥ አብራን ገባች። እማዬ አምስት ቀን ተኝታ ወጣች።

ቅሬታም አለኝ። ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። የልብ በሽተኛ እንዴት ደረጃ ይወጣል? እሷን ደግፈን ነው ያወጣናት። ቢያንስ ታች አንድ አልጋ ያስቀምጡ። ዋጋም ቀድመው አይነግሩም፣ ስትጨርሱ ነው የምትሰሙት። ለክትትል ደግሞ በጠዋት ካልሄዳችሁ ወረፋው አይቻልም።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል ስንሄድ እማዬ አንዲት የዘጌ ጎረቤቷን ይዛ መጣች። እሷም ጀርባዬን ትላለች። እሷም ጨጓራ ተብላ ነበር።