"አካውንት ቬሪፋይ እናደርጋለን"፦ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ያለው የዕድሜ ማረጋገጫ አገልግሎት ሲመዘን

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲታለፍ፣ በየብሎኩ ሥር ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በራቸው ላይ የሚለጥፉት ዝርዝር ረዝሟል። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የፋይዳ ፕሪንት፣ ፎርም መሙላት፤ አሁን ደግሞ "አካውንት ቬሪፋይ እናደርጋለን"። ሥራው ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ ወይም ልጆች የሚጫወቱበት ሮብሎክስ "ዕድሜህን አረጋግጥ" ብሎ የያዘውን አካውንት ማስለቀቅ ነው። እዚህ የምንመዝነው አንድን ሱቅ አይደለም። አገልግሎቱ የሚሰጠው በሦስት መልክ ነው፦ አንዱ ጥሩ፣ አንዱ አደገኛ፣ አንዱ ጨርሶ የሚሸሹት።

ጥያቄው እኛ ሰፈር የደረሰው በሌሎች አገሮች ሕግ ነው። ብሪታንያ ከሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ጠንካራ የዕድሜ ፍተሻ አስገድዳለች። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ኩባንያዎቹም አሠራሩን ወደ ሌላው ዓለም አስፋፉት፤ ሮብሎክስ ቻት ለመጠቀም የዕድሜ ፍተሻ ማለፍን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በየአገሩ ግዴታ አድርጓል። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ለመግባት 18 ዓመት መሙላት ከተጠየቀ ደግሞ ቆይቷል፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

የሚጠየቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሰው ዕድሜው ሞልቷል ወይስ አልሞላም? ስልክ ቁጥር፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የጣት አሻራ የመልሱ አካል አይደሉም። ስለዚህ ሱቁን የምንለካው በፍጥነቱ ሳይሆን መልሱ እስኪሰጥ ድረስ ስንት ነገር ከእጃችን እንደወጣ በማየት ነው።

በብዛት የሚገኘው "ላክልኝና ልሥራልህ" የሚባለው ነው። ደንበኛው መታወቂያውን ፎቶ አንስቶ በሱቁ ቴሌግራም ይልካል፣ የአካውንቱን ፓስወርድ ይናገራል፣ ስልኩ ላይ የመጣውን ኮድ ያነባል፣ ቀሪውን የሱቁ ሠራተኛ በሱቁ ኮምፒውተር ይጨርሰዋል። ፈጣን ነው፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች እፎይታ መሆኑም አይካድም። ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። በቴሌግራም የተላከ ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ሲወርድ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" የሚባል ፎልደር ላይ ይቀመጣል። ፎልደሩን ማንም ካላጸዳው የዛሬው ደንበኛ መታወቂያ ካለፈው ወር ደንበኛ መታወቂያ አጠገብ ይተኛል፣ ፊት ለፊት የሚታይ ትንሽ ምስል ሆኖ። ቀጥሎ ሲቪ ለማተም ፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው እዚያው ስክሪን ፊት ይቆማል። ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ቻቱን ከሁለቱም ወገን ቢያጠፋው እንኳ ኮምፒውተሩ ላይ የወረደው ፋይል አይነካም። በስካነር የተነሳም እንዲሁ፤ ፒክቸርስ ሥር "ስካንስ" ወይም ዶክመንትስ ሥር "ስካንድ ዶክመንትስ" ውስጥ ይቀራል።

ባለሱቁ ሌባ ነው ማለታችን አይደለም፤ አብዛኛው ፎልደሩ መኖሩንም ልብ አይለውም። የመታወቂያ ክምችት ግን ባለቤቱ ደግ ሰው ቢሆንም አደጋው አይቀርም። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የቻት መተግበሪያው ዲስኮርድ፣ የደንበኞች አገልግሎት የሚሠራለት ሌላ ድርጅት ተሰብሮ ወደ 70,000 የሚጠጉ ተጠቃሚዎች የመታወቂያ ፎቶ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አሳውቋል። ፎቶዎቹ የተላኩት "ዕድሜዬ ተሳስቶ ተይዟል" ብለው ይግባኝ ለማቅረብ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ፣ "ቲ" የተባለው የሴቶች መተግበሪያ 72,000 ያህል ምስሎች አፈትልከውበታል፤ ከእነዚህ 13,000 ያህሉ ለማረጋገጫ የተላኩ ሰልፊዎችና መታወቂያዎች ነበሩ። የደኅንነት ባለሙያ ያለው ድርጅት ይህ ከደረሰበት፣ አንድ ፓስወርድ አራት ሰው የሚጠቀምበት የሱቅ ኮምፒውተር ምን ዋስትና ይሰጣል?

ፋይዳን በተመለከተ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር የዕድሜ ልክ መለያ ነው፤ ለሌላ ወገን የሚሰጠው እሱን የሚተካው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ነው። ቲክቶክም ሆነ ሮብሎክስ ከፋይዳ ሲስተም ጋር አይገናኙም፤ የሚያዩት የካርዱን ፎቶ ብቻ ነው። አካውንት ቬሪፋይ ሲደረግ ከፋይዳ በስልክ የመጣ ኦቲፒ (የአንድ ጊዜ ኮድ) ንገረኝ የሚል ካለ፣ የያዘው ሌላ ሥራ ነውና እዚያው ይቁም። በኦቲፒው የእርስዎን መረጃ ማውጣት ይቻላል።

ጥሩ የምንለው አገልግሎት የሚሠራው በደንበኛው ስልክ ነው። ሱቁ የሚያቀርበው ወንበር፣ ብርሃንና እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው ብቻ ነው፤ ፋይል አይቀበልም፣ ፓስወርድ አይጠይቅም። እንዲህ የሚሠሩ ቤቶች ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። "እማማ፣ በራስዎ ስልክ እንሥራው፤ እኔ የሚነካውን ብቻ ላሳይዎት" የሚል ልጅ ካጋጠመ ያ ቤት ቢያስጠብቅም ይጠበቅ።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚመርጠው ምን እንደሚሰጥ ነው። ከሚቀርቡት አማራጮች ክሬዲት ካርድ ለአብዛኛው ነዋሪ የለም፤ የሌላ ሰው ካርድ መከራየት ደግሞ አካውንቱን በማያውቁት ሰው ስም ላይ ማቆም ነው። የሚቀረው ፊት ወይም መታወቂያ ይሆናል።

ፊት የሚያየው አሠራር ሁለት ዓይነት ነው፣ ብዙ ሰው ግን አንድ አድርጎ ያየዋል። አንደኛው ዕድሜ መገመት ብቻ ነው፤ ፊቱን አይቶ ይህን ያህል ዓመት ይሆናል ይላል፣ ማን እንደሆኑ አይጠይቅም። ሁለተኛው ማመሳሰል ነው፤ ሰልፊውን ከመታወቂያው ፎቶ ጋር ያስተያያል፣ ስለዚህ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ምርጫ ካለ ግመታው ይቅደም። ሮብሎክስ ፍተሻውን የሚያሠራው ፐርሶና በተባለ ድርጅት ነው፣ ምስሉም ዕድሜው ከተገመተ በኋላ ወዲያው እንደሚጠፋ ይናገራል። ቲክቶክ ለይግባኝ ከሚጠቀምባቸው አንዱ ዮቲ ነው። ሊንኩ ከመተግበሪያው ሳይሆን ከቴሌግራም ግሩፕ የመጣ ከሆነ አይከፈት።

ግመታ ይሳሳታል። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ፍተሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በአማካይ 4.3 ዓመት የነበረው ስህተት ወደ 3.1 ዓመት ወርዶ ተገኝቷል፤ ውጤቱም በፆታ፣ በትውልድ አካባቢና በፎቶ ጥራት ይለያያል። ስለዚህ የ20 ዓመት ወጣት "አልሞላህም" ቢባል የስልኩ ጥፋት አይደለም። በአንድ ቀን አሥር ጊዜ መሞከር ደግሞ መዘጋትን ያመጣል፤ ሁለቴ ካልሄደ ወደ መታወቂያው ይታለፍ።

ከመሞከሩ በፊት ግን ብርሃኑ ይስተካከል። ፊት ወደ በሩ ይዙር፤ በሩ ከኋላ ከሆነ ፊት ይጠቁራል። ከራስ በላይ ያለ አምፖል ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። የፊት ካሜራው በጨርቅ ይወልወል፣ ፊት የሚያለሰልስ የካሜራ ማስዋቢያ ይጥፋ፣ መነጽርና ኮፍያ ይውለቁ። ነጠላም ሂጃብም ከግንባር እስከ አገጭ ያለውን እስካልሸፈነ ድረስ አያስቸግርም። ስልኩ በዓይን ትይዩ፣ ከፊት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ኔትወርኩ መሐል ላይ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ነው፤ መብራት ሲሄድ የሱቁ ዋይፋይ አብሮ ስለሚሄድ የራስን ዳታ መክፈት ይሻላል።

መታወቂያ ከሆነ ፓስፖርት ያለው ፓስፖርቱን ያቅርብ። የትውልድ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ከገጹ ሥር ያሉትን ሁለት መስመሮችም ማሽን ያለችግር ያነባቸዋል፤ ሁለቱ መስመሮች ሳይቆረጡ ይግቡ። ፋይዳ ከሆነ የፊት ገጹ ብቻ፤ ጀርባው ስልክ ቁጥርና አድራሻ ስላለበት ካልተጠየቀ አይነሳ። የቀበሌ መታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ አይሄድም፤ አማርኛውን ማሽኑ አያነበውም፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ነው። ፎቶ ኮፒና ስክሪንሾት ይመለሳሉ፣ ማሽኑ ዋናውን ካርድ ነው የሚፈልገው። ካርዱ ጥቁር ነገር ላይ ይቀመጥ፣ አራቱም ጥግ ይታይ፣ ፍላሽ ይጥፋ። ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ያንጸባርቃልና ነጩ ነጸብራቅ ከጽሑፉ ላይ እስኪወርድ ስልኩን ዘንበል ማድረግ ነው።

አሁን ብዙ አካውንት ወደሚወድቅበት ቦታ እንምጣ፤ ሱቆቹም ከሁሉ ያነሰ የሚያውቁት ይህንኑ ነው፦ የዘመን አቆጣጠር። አንድ ልጅ ጥር 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። አካውንት ሲከፍት እንደለመደው 2000 ብሎ ይሞላል። መተግበሪያው ይህን በፈረንጅ ይወስደውና ከዕድሜው ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 19 ቀን 2008 ነው። ኋላ መታወቂያ ሲቀርብ የተሞላውና ካርዱ ላይ ያለው ቀን አይገናኝም፣ ጥያቄው ይወድቃል፣ ሱቁም "ኔትወርክ ነው" ብሎ ድጋሚ ያስከፍላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ዓመቱ ላይ 7 ይደመራል፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ላለው 8። ቀኑና ወሩም መቀየር አለባቸው፤ "ጥር አምስተኛ ወር ነው" ብሎ 5 መሙላት ልጁን ሜይ ላይ ያስወልደዋል። አንዳንድ ፎርም ወርን ከቀን ያስቀድማልና ሳጥኖቹ ላይ የተጻፈውን አይቶ መሙላት ነው። ስለዚህ ምንም ፎቶ ከመላኩ በፊት የአካውንቱ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የተሞላውን የትውልድ ቀን ማየት ይቅደም። የተሳሳተ ከሆነና ማስተካከል የሚቻል ከሆነ ችግሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል፣ መታወቂያ መላክም ላያስፈልግ ይችላል። ይህን ሳያይ ካሜራ የሚያስከፍት ሱቅ ሥራውን አያውቅም።

ሦስተኛው "በእኔ ፊት አሳልፍልሃለሁ" የሚለው ነው። ልጁ ስልኩን ያቀብላል፣ ባለሱቁ ራሱ ካሜራው ፊት ይቆማል፣ አካውንቱ ይከፈታል። ይህን አንመክርም ብቻ አይደለም፣ ወላጆች አጥብቀው እንዲከለክሉት እንለምናለን። ሮብሎክስ ተጠቃሚዎችን በስድስት የዕድሜ ክፍል ይመድባል፦ ከ9 በታች፣ 9–12፣ 13–15፣ 16–17፣ 18–20፣ 21 እና በላይ። ቻት የሚፈቀደው ለራስ ክፍልና ለአጎራባቾቹ ነው። የ11 ዓመት ልጅ በ30 ዓመት ሰው ፊት ካለፈ ከእኩዮቹ ወጥቶ ከአዋቂዎች ጋር ይመደባል፤ ለእሱ የተሠራው አጥር በሙሉ ይነሳል። ከሚያስደስተው የአንድ ሰዓት ቻት በኋላ ማን እንደሚያነጋግረው የሚያውቅ የለም። ለልጅ ትክክለኛው መንገድ በራሱ ፊት፣ ወላጅ አጠገቡ ቆሞ፣ በወላጅ ስልክ ማለፍ ነው። ግመታው ዕድሜውን ካዛባው ወላጁ የራሱን አካውንት አረጋግጦ በወላጅ መቆጣጠሪያው ያስተካክላል።

መታወቂያውን አስቀድሞ ለሱቅ የላከ ሰው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ተመልሶ በአካል ይሂድና ፋይሉ ዓይኑ እያየ ይጥፋ፦ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደሩ፣ የስካን ፎልደሩ፣ ከዚያ ሪሳይክል ቢኑ። የራሱን አካውንት ከሱቁ ኮምፒውተር ለማስወጣት ከስልኩ የገቡ መሣሪያዎችን ዝርዝር ከፍቶ የማያውቀውን ያስወጣ፣ ፓስወርድ ይቀይር፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብራ። ባለሱቁ "ምን አስጨነቀህ ወንድሜ" ቢል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃዬ ይሰረዝልኝ ማለትን መብት እንዳደረገው፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንደሆነ በትሕትና መንገር ይቻላል።

ስለ ዋጋ፦ ከቤት ቤት ይለያያልና ከመጀመሩ በፊት ይነገር፤ ክፍያውም ለሙከራ ሳይሆን ለተከፈተ አካውንት ይሁን። ፍተሻው ራሱ በሦስቱም መተግበሪያዎች ነፃ ነው። ሱቁ የሚከፈለው ለጊዜውና ለእገዛው ብቻ ነውና "ኩባንያው የሚያስከፍለው" ብሎ ተጨማሪ የሚጠይቅ ካለ ሒሳቡ የራሱ ነው።