ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ላላችሁ፦ የጉበት ሐኪም ጥቆማና ምስጋና

ሰላም ጎረቤቶች። እናቴ መድኃኒቷን ጨርሳ ከ12 ሳምንት በኋላ የተመረመረችው ውጤት መጣ። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ደሟ ውስጥ የለም። ተመስገን! ይሄን ሳልጽፍ መቅረት አልቻልኩም።

ሄፓታይተስ ሲ እንዳለባት ከታወቀ በኋላ ያየነውን ፈጣሪ ያውቃል። የሄድንበት ሁሉ "መጀመሪያ ጄኖታይፑ፣ የቫይረሱ ዓይነት ይታወቅ፤ ያለዚያ መድኃኒት አይታዘዝም" ይለናል። ምርመራው ውድ ነው። ከፈልን። ናሙናው ሌላ ቦታ ይላካል ተባለ፣ ጠበቅን። ከዚያ "ናሙናው ተበላሽቷል፣ ድገሙ" አሉን። እንደገና ከፈልን። በመጨረሻ የመጣው ወረቀት "ዓይነቱን መለየት አልተቻለም" ይላል። ለምን ብዬ ስጠይቅ ቀና ብሎ ያየኝ እንኳ የለም። እናቴ "ተይው ልጄ፣ ገንዘብሽን በኔ አትጨርሺ" ማለት ጀመረች። ይሄ ንግግሯ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደዚህች ዶክተር የላከችን ጎረቤታችን ናት፣ እሷንም እግዜር ይስጣት። ዶክተሯ ወረቀቶቻችንን አንድ በአንድ አየች። "እማዬ፣ ዓይነቱ እስኪታወቅ ብላችሁ ከዚህ በላይ አትጠብቁ" አለች። ድሮ መድኃኒቱ እንደ ቫይረሱ ዓይነት ይለያይ ነበር። አሁን ለሁሉም ዓይነት የሚሰራ ኪኒን አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለአዋቂዎች ይሄንኑ ይመክራል። ሌላው የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ይኖርባት እንደሆነና የጉበቷን ሁኔታ አስመርምራ ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ያለበትን ኪኒን አዘዘችላት። በቀን አንድ፣ ለ12 ሳምንት። የቀረውን ማብራሪያ እኔ አልገባኝም። ለእናቴ ግን በኦሮምኛ ስታስረዳት ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

አንዱን ነገር ግን መቼም አልረሳውም። እናቴ ብርጭቆና ሳህኗን ለይታ ነበር። ልጆቼን ማጉረስ ትታለች። ዶክተሯ ይሄን ስትሰማ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እጇን ይዛ "እማዬ፣ ይሄ በደም እንጂ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ዛሬ ማታ ልጆቹን ያጉርሷቸው" አለቻት። እናቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ይሄን የነገረን አንድ ሰው አልነበረም!

በናታችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ታማሚ ካለ ወደሷ ውሰዱት። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻዋን እልካለሁ። ስትሄዱ የድሮ ወረቀታችሁን ሁሉ፣ "አልተቻለም" የሚለውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉንም ታነባለች።