አዳማ ላይ ኤርብራሽ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሳጥኑን ሳትከፍቱ ብር እንዳትልኩ

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ኤርብራሽ ቀለምን በአየር ግፊት የሚነፋ ትንሽ የእጅ መሣሪያ ነው፤ በሱ ሰበብ 18,500 ብር በሉኝ። ብሩ ያንገበግባል። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡ እጃቸው እስኪገባ «ጋሼ፣ እርስዎ» ስባል ከርሜ ዛሬ «አንተ ሰውዬ» መባሌ ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ የሕግ ሰው የሆነ ጎረቤቴ «ብርህን ተበልተህ ደግሞ አንተው እንዳትከሰስ» ብሎኛል። ግን ታውቋቸዋላችሁ። መሃል ከተማ፣ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል። ቴሌግራም ቻናል፣ «ከዱባይ የገባ ኦርጅናል»፣ ዋጋ ስትጠይቁ «ኢንቦክስ»፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ደረሰኝ ስትሉ ደግሞ «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ይጨምራል»። እኔም 2,775 ብር አተረፍኩ ብዬ ያለ ደረሰኝ ከፈልኩ። (አዎ፣ ስደቡኝ።)

የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴል እገጣጥማለሁ። ሳቁ፣ ባለቤቴም ትስቃለች። ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው፤ በ1969 የሶማሊያ ጦርነት ሲነሳ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ የአየር ኃይላችን ኤፍ-5 ቆርቆሯችንን እያንቀጠቀጠ ሲያልፍ ከቤት ሮጬ እወጣ ነበር። የእህቴ ልጅ ከጀርመን ስትመጣ ያንኑ ጄት በ1 ለ72 አመጣችልኝ፤ ከ14 ሜትር በላይ የሚረዝመው አውሮፕላን 20 ሳንቲሜትር ሆኖ። ይህን በምታህል ነገር ላይ ካሞፍላዥ፣ ያን የጦር አውሮፕላን ዝንጉርጉር ቀለም፣ በብሩሽ ብትቀቡ የብሩሹ ጭረት እንደ ማረሻ ትልም ይታያል፣ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትም ቦታ እንደ ካርታ ድንበር ቁርጥ ይላል። ኤርብራሽ ግን ቀለሙን እንደ ጉም ነው የሚያሳርፈው። እናም በዚህ ዕድሜዬ ልማር ተነሳሁ።

አሁን ያቺን ደቂቃ ልንገራችሁ። ሻጩ ልጅ ከመስታወት ሳጥኑ አንዱን አወጣ። ብረት ነው፣ ክብደት አለው፣ ባለ 0.3 ሚሊሜትር መርፌ፣ ደብል አክሽን፤ ቁልፏን ወደ ታች ስትጫኗት አየር፣ ወደ ኋላ ስትስቧት ቀለም ትሰጣለች። ኩባያው ላይ ውሃ ጠብ አደረገበት፣ ከኮምፕሬሰሩ ጋር አገናኘውና «ጋሼ፣ መዳፍዎን ይዘርጉ» አለኝ። ዘረጋሁ። ቀዝቃዛ ጉም እንደ ጠበል መዳፌ ላይ አረፈ። ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። «ይሄኛው ማሳያ ነው፣ ብዙ እጅ ነክቶታል፤ ለእርስዎ ያልተነካ ከውስጥ ላምጣልዎ» ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ቆየ። ስኮች ሲሳብ ሰማሁ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ጭርርር! ያልተነካ ዕቃ ምን አዲስ ስኮች ያስፈልገዋል? እኔ ግን በሆዴ «እየጠቀለለልኝ ነው፣ ጨዋ ልጅ» አልኩ።

ዙሪያውን በስኮች የተጠመጠመ ሳጥን ይዞ ወጣ። ልከፍተው ጥፍሬን ስሰድ እጁን ቀስ አድርጎ እጄ ላይ ጫነና «እዚህ ከከፈቱት ዋስትናው ይበላሻል ጋሼ፤ ቤትዎ ገብተው በሰላም ይክፈቱት» አለኝ። ድምፁ እንደ ልጄ ድምፅ ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርት አንድ በአንድ ጨምቄ የምገዛ ሰው፣ የ18,500 ብር ዕቃ ሳላየው በቴሌብር ላኩለት። መልእክቱ ስልኩ ላይ እስኪገባ ዓይኑን አልነቀለም፤ ገባ፣ ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ። ቻው እንኳ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ማታ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። የጀማሪ ጣጣው ይሄ ነው፤ ዕቃው ይሁን እጁ ያጠፋው አያውቅም፣ እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ቀለሙ ወረቀት ላይ ይተፋል። ወፍሮ ነው ብዬ እንደ ወተት አቀጠንኩት፤ የሸረሪት እግር እየሠራ ሮጠ። የአየሩን ግፊት ከ20 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 15 አወረድኩ፤ ጭራሽ ይዘጋ ጀመር። ኩባያው ውስጥ አረፋ ይፈላል፣ እኔ ደግሞ አሠራሩ ነው ብዬ አየዋለሁ። ነፋሱ ይሆናል ብዬ መስኮት ዘጋሁ፤ የኛ ነፋስ እኮ መብራት የሚያመነጭ ነፋስ ነው፣ እርጥብ ቀለም ላይ አቧራ ማምጣት አያቅተውም። በአራተኛው ማታ ደፈር ብዬ ክንፉ ላይ ነፋሁ። ገለባማው ቀለም መሃል ሮዝ ነጠብጣብ። ሮዝ! ቤቴ ውስጥ ሮዝ የሚባል ቀለም ኖሮ አያውቅም። ጄቱ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መሰለ።

ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ባቱላሜራ ጋራዥ መኪና ቀለም ለሚነፋው ልጅ ወሰድኩለት። መርፌውን መዞ መስታወት ላይ አንከባለለው፤ ጫፉ እየዘለለ ሄደ፣ ጠማማ ነው። አፍንጫውን፣ ቀለሙ የሚወጣበትን ጫፍ፣ በጉልሕ መነጽር አየ፤ ስንጥቅ አለበት። አየሩ በስንጥቁ ወደ ኩባያው እየተመለሰ ነው ያ አረፋ የሚፈላው። ከዚያ በጨርቅ ጫፍ ጉሮሮውን ጠረገና አሸተተው፣ ደግሞ አሸተተው፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኬክ ቤት ሲሠራ የከረመ ነው። ቫኒላ ይሸታል።» የደረቀው የኬክ ከለር ከኔ ቀለም ጋር እየሟሟ ነበር የሚወጣው። ያልተነካ ተብዬው!

ሱቁ ስደርስ እዚያ የምትሠራው ልጅ ከስልኳ ቀና አላለችም። ሻጩ ልጅ ሳጥኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ «ከፍተኸዋል እኮ» አለ። ካልከፈትኩት በምን ልቀባ? «መርፌውን ያጣመምከው አንተ ነህ፤ አጠቃቀም የማይችል ሰው እየገዛ ነው የተቸገርነው።» ኬክ ኬክ ይሸታል እኮ ስል ሱቁ በሳቅ ሞላ፤ እውነቱን ለመናገር ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ለአሻንጉሊት ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?» ደረሰኝ የለኝ፣ ምን ልበል። ስወጣ ከልማድ የተነሳ «እግዜር ይስጥልኝ» ብያቸው ወጣሁ። ለሌቦቼ! እስካሁን ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ለማንኛውም፣ እዚያው ክፈቱት። መርፌውን አስመዝዙና መስታወት ላይ አንከባልሉ። ኩባያው ውስጥ አረፋ ካያችሁ ጥላችሁ ውጡ። በውሃ ሲነፋ አትመኑ፣ ውሃ በምንም ይረጫል፤ የራሳችሁን ቀለም ጠብታ ይዛችሁ ሂዱ። 15 ፐርሰንቱንም ክፈሉ።

ይህን ልጨርስ ስል ቻናላቸው ላይ አዲስ ፎቶ ወጣ። ያው ሳጥን፣ ያው ስኮች፦ «ከዱባይ የገባ፣ ያልተነካ፣ 1 ፍሬ ብቻ ቀረ፣ ፍጠኑ!» እኔ ስገዛም የቀረው 1 ፍሬ ብቻ ነበር።