ፒኤችዲ፦ ዘርፈ ብዙ ፕሮግራም ወይስ አንድ ዲፓርትመንት?

ባሕር ዳር ማስተርሱን ጨርሶ ለፒኤችዲ የሚያመለክት ብዙ ሰው አንድ ዲፓርትመንት ልግባ ወይስ የተለያዩ ሙያዎችን የሚያጣምር (ዘርፈ ብዙ) ፕሮግራም በሚለው ግራ ይጋባል። እኔም ተጋብቼ ነበር።

ጣናን ተመልከቱ። እምቦጭ ሐይቁ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የደንገል ታንኳ አረሙ ውስጥ ገብታ መቅዘፊያው በሥሩ ሲተበተብ ቆሜ አይቻለሁ። ታዲያ ጥያቄው የማን ነው? አረሙ የባዮሎጂ ነው፤ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያ ግን የአፈር ሰው ይፈልጋል፣ ስፋቱን ለመለካት የሳተላይት ምስል የሚያነብ፣ ዓሣ አስጋሪውን ለማነጋገር ደግሞ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው ያስፈልጋል።

ማመልከቻ
አንድ ዲፓርትመንት፦ ይቀላል። ትራንስክሪፕትህ ራሱ ይናገርልሃል።
ዘርፈ ብዙ፦ ደብዳቤህ ላይ ብዙ ትለፋለህ፤ አንድ ሙያ ብቻውን ጥያቄህን ለምን እንደማይመልስ ማሳየት አለብህ እንጂ "ሁሉንም እወዳለሁ" ማለት አያዋጣም። ድጋፍ የሚጽፉልህም ከተለያየ ሙያ ቢሆኑ ጥሩ ነው።

ወጪ
ያው ነው። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳልህ ቀድመህ ጠይቅ፣ የሚፈቅዱ አሉ።

አደጋ
አንድ ዲፓርትመንት፦ ጥያቄህ ሊጠብብህ ይችላል።
ዘርፈ ብዙ፦ ሁለት አማካሪ ካልተስማሙ መሐል የምትቀረው አንተ ነህ። በዚያ ላይ የመምህርነት ቅጥር ማስታወቂያ "በባዮሎጂ" ብሎ ሲወጣ የዲግሪህን ስም ማስረዳት ሊኖርብህ ነው። ይሄን አቅልላችሁ አትዩት።

ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ማስተማር ለሚፈልግ አንዱ ዲፓርትመንት ይሻለዋል። እንደ እምቦጩ ያለ ችግር ይዞ የተነሳ፣ ሁለት የሚግባቡ አማካሪዎችንም ያገኘ ሰው ግን ዘርፈ ብዙውን ይሞክር።