ፒያሳ አካባቢ የጦር መሣሪያ ፈቃድ አገልግሎት፦ ጥብቅ ቁጥጥር፣ ደካማ መስተንግዶ

ከአባቴ የወረስኩትን ምንሽር ጉዳይ ለማስጨረስ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በመሆኑ ጥብቅነቱን አልነቅፍም፤ ባለሙያው በብረቱ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ሲያመሳክር አንዲት የደበዘዘች አኃዝ አጠራጥራው ሥራውን ከመነሻው መጀመሩ እንዲያውም እምነት አሳድሮብኛል። የሚያስወቅሰው የመረጃ አሰጣጡ ነው፦ የሚያስፈልጉት ሰነዶች ዝርዝር የትም ባለመለጠፉ፣ የጎደለኝን የማውቀው ወረፋው ሲደርሰኝ ብቻ ነበር። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ፣ ፈቃድ ባለው የመሣሪያ ነጋዴ ላይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚደረግ መደበኛ የመዝገብ ፍተሻ በ12 ወራት ከአንድ ጊዜ አይበልጥም፤ እኔ ነጋዴ ሳልሆን በአንድ ወር ሦስቴ ተፈተሽኩ። ለጥንቃቄው ከአምስት አራት፣ ለመስተንግዶው ሁለት ሰጥቻለሁ።