በእጅ የሚዞረው የካርድ መቁረጫ ማሽን፦ ክረምቱንም በጋውንም ካየሁበት በኋላ

ስለዚህ ማሽን የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚፈልጉት አጭር መልስ ነው፤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? መልሴ «ግዙ፤ ከዚያ በፊት ግን ወረቀታችሁን እወቁ» የሚል ነው። ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ሱሉልታ ባለው ቤቴ የእንቁጣጣሽ፣ የልደት፣ የክርስትናና የሠርግ ካርድ ሠርቼበታለሁ፤ የፎቶ አልበም ገጾችም አስጊጬበታለሁ። ካርዱ አምሮ ሲወጣም ሆነ ሲበላሽ ሰበቡ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ አልነበረም። ወረቀቱ ነው፣ ወይም አየሩ።

ለማያውቁት ላስረዳ። ማሽኑ ሁለት ሮለርና ከጎኑ የሚዞር እጀታ አለው፤ ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። ቁም ነገሩ በሮለሮቹ መሃል የሚያልፈው ንብርብር ላይ ነው። ከታች ማስደገፊያ ይቀመጣል፤ በላዩ ግልጽ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ ከዚያ ወረቀቱ፣ በወረቀቱ ላይ ስለታም ጠርዙ ወደ ታች የተደፋ ዳይ የሚባለው የብረት ቅርጽ፣ ከሁሉም በላይ ሌላ ሰሌዳ። እጀታው ሲዞር ሮለሮቹ ንብርብሩን ጨምቀው ያሳልፉታል፤ ወረቀቱም የዳዩን ቅርጽ ይዞ ተቆርጦ ይወጣል። በዳዩ ፈንታ ወረቀቱን ንድፍ ባለው የፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ከትታችሁ ካሳለፋችሁት ደግሞ አይቆርጥም፤ በጣት የሚዳሰስ ጎላ ያለ ንድፍ ያወጣል። የእኔው አፉ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰፋ ያለው ዓይነት ኤ4 ወረቀት ያስገባል። በብዙ ስም ይሸጣል፤ አሠራሩ ግን ያው ስለሆነ የእኔን ስም ጠርቼ አላሻሽጥም።

ለምን የኤሌክትሪኩን አልገዛሽም የሚሉኝ አሉ። ክሪከትንና ሲልዌትን የመሳሰሉት ማሽኖች ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ የተላከላቸውን ሥዕል በትንሽ ቢላ ይቆርጣሉ። ያስቀናሉ፤ በተለይ ለፊደል። ግን እኛ ሰፈር መብራት የሚሄደው ሥራ ሲበዛ ይመስል ነው። የእጁ ማሽን በሻማም ይሠራል፤ በጳጉሜን ሲመሽብኝ የስልኬን መብራት መደርደሪያ ላይ አስደግፌ ቆርጬበታለሁ። ሌላው ጉዳይ ማስመጣቱ ነው። የመጣልኝ ከውጭ በምትመላለስ ዘመዴ ሻንጣ ነው። «ኪሎ አለኝ» ያለችው እሷ ነበረች፤ ስታነሣው ግን «ምነው፣ ብረት ነው እንዴ ያስጫንሽኝ!» አለች። አዎ፣ ብረት ነው፤ ጥቅሙም እሱ ላይ ነው። ቀለል ያሉት የፕላስቲክ ዓይነቶች ለልጆች ካልሆነ በቀር አይሆኑም፤ ወፍራም ወረቀት ሲገባባቸው ይንቋቋሉ፤ ሮለሩን የሚያዞረው የማርሻቸው ጥርስም ይዘላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። 80 ግራሙ የፎቶ ኮፒ ወረቀት (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው) ይቆረጣል፤ ካርድ ግን አይሆንም። ለካርዱ አካል ከ220 እስከ 300 ግራም፣ ለአበባና ለቅጠል ከ120 እስከ 180 ግራም እጠቀማለሁ። የምገዛው በአዲሱ ገበያ በኩል ወርጄ መርካቶ ነው። ሻጩ ግራሙን ሁልጊዜ አያውቀውም፤ «ወፍራም ነው፣ አንደኛ ነው» ብሎ ያልፋችኋል። ስለዚህ ቁራሽ ለምናችሁ ጠርዙን ቀደድ አድርጉት። መሃሉ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ከላይ ብቻ የተቀባ ነው። ለመቁረጥ ምንም አይልም፤ ጎላ ያለ ንድፍ ሲወጣበት ግን እየተሰነጠቀ ነጩ ብቅ ይላል። ቀጥሎ ቁራሹን በሁለት አቅጣጫ እጠፉት። ወረቀት ሲሠራ ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ በቃጫው አቅጣጫ ሲታጠፍ እሺ ይላል፣ በተቃራኒው ግን እጥፋቱ ይፈረካከሳል። የካርዱ እጥፋት የቱ ጋ እንደሚሆን ሳያስቡ ወረቀቱን ማስቆረጥ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ አብዛኞቹ ቆራጮች ደግሞ የሚያስቡት ስንት ካርድ እንደሚወጣው ብቻ ነው።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ክረምቱ ጭጋግ፣ በጋው ደረቅና ነፋሻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣና ጠርዙ ይጠቀለላል። ዳዩም ጥርት አድርጎ አይለቅም፤ ቀጫጭኑ የአበባ ጫፍ ፀጉር ያወጣል። ጎላ ያለው ንድፍ ግን የሚያምረው ያኔ ነው፤ የለሰለሰ ወረቀት ሳይሰነጠቅ ይለጠጣል። ጥርና የካቲት ነገሩ ይገለበጣል። ቁርጡ ጥርት ይላል፣ ንድፉ ይሰነጠቃል። ይህን የሽያጭ ቪዲዮ አይነግራችሁም። በበጋ ንድፍ ከማውጣቴ በፊት ልብስ ስተኩስ በምጠቀምበት ውሃ መርጫ ወረቀቱን በስሱ እነፋበታለሁ። በክረምት ወረቀቱን የሚገጥም ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን በሚወጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች መሃል አኖረዋለሁ። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን የሥራውን ቀን መቁጠሪያ ማዞሬ ነው። የመጪውን የእንቁጣጣሽ አበባ ግንቦት ላይ ቆርጬ ጨርሻለሁ፤ ነሐሴ ላይ የሚቀረኝ መለጠፍ ብቻ ነው።

ዳይ መግዛት ሱስ ነው። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፤ ዳይ ግን ማለቂያ የለውም፤ ወጪውም ተደምሮ ማሽኑን ይበልጠዋል። ከሁሉም ይልቅ የሠሩልኝ ተራዎቹ ናቸው፤ እየተበላለጡ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ ክቦች፣ ጠርዙ የተሰፋ የሚመስል አራት ማዕዘን፣ አንድ የቅጠል ዘለላ፣ አንድ አበባ። ስለ አበባው አንድ ነገር ልበል። በውጭ አገር የሚሠሩ የአበባ ዳዮች ብዙ ቀጫጭን ቅጠል ያለው አበባ ይወዳሉ። በቢጫ ወረቀት ብትቆርጡትም አደይ አይሆንላችሁም። የአደይ ቅጠሎች ስምንት ገደማ፣ ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው። ያንን የሚመስል ዳይ እስካገኝ ድረስ ካርዶቼን ያዩ ሁሉ «ያምራል» ይሉ ነበር፤ ካገኘሁ በኋላ ግን «አደይ!» ማለት ጀመሩ። ለመሃሉ ቡናማ ጨሌ ይበቃል።

የዚህ ማሽን ትልቁ ድክመት ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ነው። የላቲን ፊደል ዳይ 26 ቅርጽ ከያዘ ሥራው አለቀ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ገና ሦስተኛው ላይ ኳ ትመጣለች። ዳይ ቢገኝ እንኳ ጽሑፉን በካርዱ ላይ እንደ መስኮት ለመቁረጥ ስትሞክሩ የመ፣ የወ፣ የቀ እና የዐ መሃል ወድቆ ክፍት ጉድጓድ ይቀራል። ስለዚህ ጽሑፉን በእጄ እጽፋለሁ፣ ወይም ማተሚያ ቤት አሳትሜ በአራት ማዕዘኑ ዳይ አሳምሬ እቆርጠዋለሁ። በዚህ በኩል የኤሌክትሪኩ ማሽን ያሸንፋል፤ ምንም ክርክር የለውም። ሥራችሁ በዋናነት ስም እየቆረጡ መለጠፍ ከሆነ የእጁን አትግዙ።

ማስጌጫ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በፓኬት የሚመጣ የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ነው። እኔም አለኝ፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ካርዶቼን የሚያሸጠው ግን ሌላ ነው። አክስቴ ሰፌድና መሶብ ትሰፋለች፤ ከሥራዋ የሚተርፈውን ቀለም የገባ አለላ እኔ እወስዳለሁ። አለላው እንዳለ ቢለጠፍ ክብ ስለሆነ ተንከባሎ ይነሣል። በውሃ ነከር አድርጌ ያለ ዳይ በሁለቱ ሰሌዳዎች መሃል ሳሳልፈው ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዱ ይሰነጠቃል፣ የቀረው በኮላ ቀጥ ብሎ ይተኛል። አክስቴ መጀመሪያ ስታየኝ «ልጄ፣ ጥራጊውን ለጥፈሽ ብር ትቀበዪበታለሽ?» ብላ ሳቀች። አሁን ራሷ በየቀለሙ ለይታ ታስቀምጥልኛለች።

ከሽሮ ሜዳ የሚገኝ የጥለት ቁራጭም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ የዳዩ ዓይነት ወሳኝ ነው። ስሱ ዳይ ጨርቅ አይቆርጥም፤ ክሩን ያኝከዋል እንጂ። ስፖንጅ ያለበት ወፍራሙ ዳይ ግን ጨርቅም ስስ ቆዳም ይቆርጣል። ጥለቱ እንዳይተረተር አስቀድሜ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ውስጥ የሚያስገቡትን፣ በካውያ የሚጣበቀውን ጨርቅ ከጀርባው እለጥፍበታለሁ። ከጥለት የተቆረጠ ትንሽ መስቀል በነጭ ካርድ ላይ ሲያርፍ ለክርስትና ጥሪ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

ውፍረትን በተመለከተ የውጭዎቹ መምህራን ካርዱ ፖስታ ቤት እንዲያልፍ ስስ ይሁን ይላሉ። እኛ አገር ደብዳቤ የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን ነው፤ ካርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ዛጎልም ቁልፍም መለጠፍ ትችላላችሁ። የሠርግ ጥሪ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። ጥሪውን የሚያድሉት ሰዎች በከረጢት ደርድረው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ የአንዱ ካርድ ዶቃ የሌላውን ፊት ይፍቃል። ለሠርግ ከጎላ ንድፍና ከጥለት አላልፍም።

ስለ ማጣበቂያ ብዙ የምለው የለም። ኮላ በስሱ፣ ለሰፊ ቦታ ባለ ሁለት ፊት ስኮች። በሽጉጥ መሰል መሣሪያ የሚቀልጠው ትኩስ ማጣበቂያ በብርዳማ ክፍል ሳይጫኑት ይደርቃል፤ መብራትም ይፈልጋል።

ማሽኑ ራሱ እስካሁን አልተሰበረም፤ ሮለሩም አልላላም። የሚያልቁት ሰሌዳዎቹ ናቸው። ዳዩ በየጊዜው ስለሚቧጭራቸው ይቦረቦራሉ፤ ሁልጊዜ በአንድ ፊት ካሳለፋችኋቸው ደግሞ ይጎብጣሉ። በየጊዜው መገልበጥና ማዟዟር ዕድሜያቸውን ያረዝመዋል። ሲያልፉ የሚያሰሙት ጠርጠር የሚል ድምፅ ያስደነግጣል፤ የጤና ነው። ምትክ እዚህ ስለማይገኝ ማስታወቂያ ከሚሠሩ ሰዎች 3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ በልኩ አስቆርጫለሁ። ይሠራል፣ ከዋናው ግን ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ፍንጥሩ ስለታም ስለሆነ ልጆች ባሉበት አላዞረውም። ውፍረቱ ትንሽ እንኳ ከበለጠ እጀታውን በጉልበት አትግፉት፤ የሚጎዳው ጥርሱ ነው። ካነሰ አንድ ወረቀት ደርቡበት። ዳዩን ደግሞ ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን ገደድ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ረጅሙ ስለት በአንድ ጊዜ ሮለሩ ሥር ሲገባ ነው እጀታው የሚከብደው። ጠርዙ የበዛ ዳይ ወረቀቱን ይዞ አልለቅም ሲል በመሃላቸው ለኬክ መጋገሪያ የሚነጠፈውን ወረቀት አግቡበት።

ለአልበም ሥራ ማሽኑ የሚያግዘው ከፊል ነው። የተለመደው ትልቁ ገጽ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእኔው አፍ አይገባም፤ የምቆርጠው ማዕዘን መያዣ፣ ስም መጻፊያና ጌጥ ነው። እዚህ ግን ስለ ወረቀቱ ጥብቅ ሁኑ። ጋዜጣና ርካሽ ካርቶን ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገርና አሲድ በጊዜ ብዛት ያቢጫል፤ የነካውንም ፎቶ ይዞ ይሄዳል። የእናቶቻችን ፎቶ ላስቲክ በሚለበስ ተለጣፊ ገጽ ላይ ተጣብቆ የቀረባችሁ ታውቁታላችሁ። ፎቶውን በኮላ አትለጥፉ፤ ከአሲድ ነጻ ከሆነ ወረቀት በተቆረጠ ማዕዘን አስይዙት፤ አንድ ቀን ማውጣት ብትፈልጉ ሳይጎዳ ይወጣል። አለላና ጨሌም ከፎቶው ራቅ ይበሉ፤ አለላው ቀለሙን ይለቃል፣ ጨሌው በተቃራኒው ገጽ ያለውን ፎቶ ይወጋል።

ለማን አይሆንም? በዓመት አንድ ሁለት ካርድ ለሚሠራ ሰው መቀስና ትዕግሥት ይበቃዋል። ተመሳሳይ ቅርጽ በብዛት ለሚቆርጥ ግን እጅን ያሳርፋል፤ በተለይ ምርቃትና ሠርግ በሚበዛበት ወቅት። ያገለገለ ካገኛችሁ እጀታውን ባዶውን አዙሩት፤ እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው፣ ተዉት። ሻጩ ሰሌዳዎቹን አብሮ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ የአፉን ስፋትም በራሳችሁ ማስመሪያ ለኩ። ዳይ ከመግዛታችሁ በፊትም እንዲሁ፤ በ15 ሴንቲ ሜትር አፍ የማይገባ ቆንጆ ክፈፍ በቅናሽ ዋጋ የሚሰጣችሁ ሰው አይጠፋም።